ያልተጠየቀችው አስታማሚ

አንዲት ሴት የግቢዋን በር ከፍታ እንግዶች ትቀበላለች። እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ መልስ። የመጡት የእድር ሰዎችና ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሏል፣ አንዷ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላለች። ገና ከበሩ ሳይዘልቁ ይጠይቋታል።

«እንዴት ነው ዛሬ?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እህል ይቀምሳል?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«እንቅልፍስ?»

«ይተኛል።»

ይገባሉ። አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጠውን ሽማግሌ ከበው ይቀመጣሉ። እርሱ ወለሉን ያያል፤ እነርሱ እርሱን ያያሉ። ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ ዘንድሮ ገብስ ያወራሉ፣ ወሬው ያልቃል። ሲነሡ «እግዚአብሔር ይማርህ» ይሉታል። በሩ ላይ ሲደርሱ ደግሞ የሴትዮዋን ትከሻ መታ መታ አድርገው «አንቺ መቼም ጠንካራ ነሽ፣ በርቺ» ብለዋት ይሄዳሉ። በሩን ትዘጋለች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትንሽ ትቆማለች። ከዚያ ወደ ውስጥ ትመለሳለች።

ወገኖቼ፣ እነዚህ ሰዎች ክፉ ናቸው? አይደሉም። የዕረፍት ቀናቸውን ትተው፣ ጭቃ ረግጠው የታመመ የጠየቁ ደጎች ናቸው። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በር ከፍታ ያስገባቻቸውን ሴት ማን ጠየቃት? የአንቺስ እንቅልፍ እንዴት ነው ያላት ማን ነው?

ዛሬ የምነግራችሁ የዚህችን ሴት ታሪክ ነው። ደስ የሚል ታሪክ አይደለም። ቢሆንም ስሙኝ።

ጥሩወርቅ ትባላለች፤ የአሰላ ሴት ናት። ባሏ ጋሽ መኩሪያ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከአሰላ እስከ ጎባ ያለውን መንገድ እንደ ግቢው ያውቀዋል። በየከተማው የሚጠብቀው ወዳጅ አለው። በዝናብ ልጅ ያዘለች ሴት መንገድ ዳር ካየ መኪናው ሞልቷል ብሎ አያልፍም። ቀልዱን ሰምቶ ያልሳቀ ተሳፋሪ የለም። ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ ድምፁ ከእርሱ ቀድሞ ነው የሚገባው።

ስታገባው እርሷ ገና ልጅ እግር ነበረች፤ እርሱ ደግሞ ጠና ያለ ሰው፣ ለአባቷ ታናሽ ወንድም የሚሆን። ስለዚህ «ጋሼ» አለችው፣ «እርስዎ» አለችው። ልጅ ወልደው፣ ልጅ ድረው፣ ጠጉሯ ሸብቶም «እርስዎ» እንዳለችው ኖረች። እርሱ «ጥሩዬ» ይላታል። ይዋደዱ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የማይዋደዱ ሰዎች ታሪክ አይደለም የምነግራችሁ።

ከዚያ የጋሽ መኩሪያ ዓይን ደከመና ጡረታ ወጣ። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ጓሮውን ቆፈረ፣ ጎመን ተከለ፣ ከማኅበሩም አልቀረም። አንድ ክረምት ላይ ግን ዝም አለ።

ምን ደረሰበት ትሉኛላችሁ። ማን ሞተበት? ማን በደለው? ማንም። ምንም። ጥሩወርቅም ይህንኑ ምክንያት ስትፈልግ ነው የደከመችው። አንድ ቀን ከቤት መውጣት ተወ። ሌላ ቀን መላጨት ተወ። ቆይቶ መታጠብ፣ ቆይቶ ሰው ማናገር፣ ቆይቶ መብላት። ጠዋት ተነሥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፤ ወለሉን እያየ ይመሽበታል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ምንም።»

«የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

«አያመኝም።»

«ታዲያ ትንሽ ይቅመሱልኝ።»

«ተይኝ ጥሩ።»

«ጥሩዬ» ቀርቶ «ጥሩ» ሆነ። ቆየት ብሎ እርሱም ቀረ።

ጠበል ወሰደችው። ተጠመቀ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ እዚያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሐኪም ቤት ወሰደችው። ደሙንና ሽንቱን መርምረው «ምንም የለበትም፣ እርጅና ነው» አሏት። ምንም የለበትም የተባለውን ሰው ደግፋ ወደ ቤቱ መለሰችው።

የእርሱን መታመም ሁሉም አየው። የእርሷን ግን ማንም አላየውም፤ ቀስ ብሎ ነበርና የመጣው። በመጀመሪያ ሬዲዮኑን ዘጋች፣ ድምፅ ይረብሸዋል ብላ። ቀጥሎ ጎረቤት መጥራት ተወች፣ ሰው ይከብደዋል ብላ። ከሴቶች ማኅበሯ ቀረች፣ ብቻውን አልተወውም ብላ። አንድ ቀን ጎረቤቷ አስናቀች በአጥሩ ላይ ሆና የሆነ ቀልድ ስትነግራት ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ባሏ እንዲያ ሆኖ ተቀምጦ እርሷ መሳቋ ሌብነት መሰላት። ከዚያ ወዲያ ስትስቅ ያያት የለም።

አንድ ቀን ደግሞ ምሳ አቅርባለት፣ እንደ ልማዱ ሳይነካው ቆየና፣ ቀና እንኳ ሳይል «እኔ ባልኖር ታርፊ ነበር» አላት።

እንደ ዋዛ ነው ያለው። እርሷ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ዕረፍት የሚባል ነገር አላየችም። በቤቷ ያለውን ስለት ሁሉ ሰብስባ ደበቀች። ወደ ጓሮ ሲወጣ ኮቴውን ትከተላለች። ገበያ ደርሳ ስትመለስ፣ የግቢውን በር ከመክፈቷ በፊት በስንጥቁ አጮልቃ ታያለች። ሲያንቀላፋ ጎኑ ጋደም ብላ ትንፋሹን ታዳምጣለች፤ ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ። እንዲህ ያለች ሴት መቼ ትተኛለች? ንገሩኝ እስቲ፣ መቼ ትተኛለች?

ለማንስ ትንገር? የቤቷን ጉድ ለሰው ማውራት ነውር ነው ተብላ ያደገች ናት። ሰው ሲጠይቃት «ጉንፋን ጸንቶበት ነው» ትላለች፤ «ደም ብዛት ነው» ትላለች። አዳማ ያለችው ልጃቸው የምሥራች በየሳምንቱ ትደውላለች።

«አባባ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«አደራ እማዬ፣ እንዳታስከፊው።»

ስልኩ ይዘጋል። እንዳታስከፊው። ጥሩወርቅ ይህችን ቃል ይዛ ትውላለች። ምናልባት አስከፍቼው ይሆን? ምናልባት የሆነ ቀን የሆነ ነገር ተናግሬው ይሆን? የትዳር ዘመኗን ሁሉ ወደ ኋላ እየሄደች ጥፋቷን ትፈልጋለች።

ገበያ መሐል ቆማ ምን ልትገዛ እንደመጣች ይጠፋት ጀመር። ልቧ ያለ ምክንያት ድው ድው ይላል። ወጥ ጥዳ ረስታው ያርራል። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ገና ከአልጋ ሳትወርድ ደክሟታል። መስታወት ማየት ካቆመች ቆይታለች።

አሁን የምነግራችሁ ለመናገር የሚከብድ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ መኩሪያ እንቅልፍ ወሰደው። ጎኑ ሆና ታዳምጣለች። ትንፋሹ ቆም አለ። በእንቅልፍ ላይ ያለ ሽማግሌ አንዳንዴ እንደሚሆነው፣ ትንሽ ቆየና ተመለሰ። ትንፋሹ ቆም ባለባት በዚያች ቅጽበት ጥሩወርቅ አልደነገጠችም። ልቧ «በቃ፣ ይለፍ» አለ።

ትንፋሹ ሲመለስ እርሷም ወደ ራሷ ተመለሰች። ከአልጋው ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነፍሰ ገዳይ ነኝ» አለች።

ቆራቢ ነበረች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መቁረብ ተወች። የንስሐ አባቷ አባ ኅሩይ «ምነው ልጄ፣ ጠፋሽ?» ሲሏት «አልተመቸኝም አባ» አለቻቸው። እርሳቸውም «እውነትሽን ነው፣ በሽተኛ ይዘሽ» አሉና ለጋሽ መኩሪያ ጠበል ሰጥተዋት ሄዱ።

ወገኖቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? ቶሎ አትመልሱ። እንዲህ ያለ ሐሳብ በልባቸው ያለፈባቸው ሰዎች እዚህ መሐላችን ተቀምጠዋል። ባላቸውን የሚወዱ፣ ሚስታቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። የፈለጉት ሞትን አይደለም፤ ዕረፍትን ነው። ዕረፍት የሚገባበት ሌላ በር ስላላዩ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጥሩወርቅ ዘንቢል ይዛ ሽንኩርት ልትገዛ ወጣች። መንገዷ በመናኸሪያው አጠገብ ነው። ረዳቶች «በቆጂ፣ አሳሳ፣ ዶዶላ» እያሉ ይጣራሉ። ቆመች። ከዚያ እግሯ ወሰዳትና ተሳፈረች። ለምን እንደተሳፈረች ብትጠይቋት አታውቅም። በዚያ በኩል የምትሄድበት ዘመድ የላትም። መስኮት ጋ ተቀምጣ የገብሱ ማሳ ሲያልፍ አየች። አላለቀሰችም፣ አልጸለየችም፣ ስለ ባሏም አላሰበችም። ያ መንገድ እርሱ ዕድሜውን የጨረሰበት መንገድ መሆኑ እንኳ ትዝ ያላት ቆይቶ ነው።

በቆጂ ላይ ወረደች። ብርድ ነበር። መንገድ ዳር አንድ አግዳሚ ወንበር አግኝታ ተቀመጠች፤ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት። ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ሰው በፊቷ እየወጣና እየወረደ፣ ያቺ ሰው ፊት አንገቷን ቀና አድርጋ የማታውቅ ጨዋ ሴት ተኛች። በዚያ ሁሉ ወራት የማንንም ትንፋሽ ሳታዳምጥ የተኛችው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ትከሻዋን የነካት ሰው ቀሰቀሳት። እዚያው አጠገብ ድንች ቀቅላ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ከድጃ ትባላለች። ፀሐይዋ አዘንብላለች።

«እህቴ፣ አሞሻል እንዴ?» አለቻት።

«አይ፣ እኔስ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ነው የታመመው።»

«እሱን አልጠየቅኩም» አለች ከድጃ። «አንቺን ነው።»

ጥሩወርቅ «እኔማ…» ብላ ጀመረች። ከዚያ እንባዋ መጣ። ነጠላዋን በአፏ ነክሳ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች። ከድጃ «ዝም በይ» አላለቻትም። «በርቺ» አላለቻትም። ትኩስ ድንች በሳህን አቀረበችላትና ከፊቷ ቆማ ከመንገደኛ ዓይን ከለለቻት። ጋብ ሲልላት ጠየቀቻት።

«ይመታሻል?»

«ኧረ የለም፤ ደግ ሰው ነው።»

«ታዲያ?»

«ዝም አለ። ዝም ካለ ቆየ። እኔም…» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «እኔም አብሬው እየወረድኩ ነው። የሚያየኝ ግን የለም።»

ከድጃ ሌላ ድንች ጨመረችላት። ከዚያ «ወደ አሰላ የሚመለስ መኪና አለ» አለቻት። «ካልሆነልሽ ደግሞ እኔ ጋ ታድሪያለሽ። አንቺ የፈለግሽውን በይ።»

አንቺ የፈለግሽውን። ይህን ከሰው አፍ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው?

«እመለሳለሁ» አለች ጥሩወርቅ።

ቤቷ ስትደርስ ለዓይን ያዝ አድርጓል። መብራት አልበራም። ጋሽ መኩሪያ እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ምሳውን አልነካም።

«መጣሽ?» አለ።

«መጣሁ።»

«ሄደች ብዬ ነበር» አለ።

«እና ምን አሉ?»

«ደግ አደረገች አልኩ።»

ቂም የለበትም፣ ነገርም የለበትም፤ ከልቡ ነው። የከበዳትም ከልቡ መሆኑ ነው። ይህ ሰው ጥላው የሄደችውን ሚስቱን ቀኑን ሙሉ ብቻውን ተቀምጦ ሲመርቅ ውሏል።

ሄዳ ጎኑ ተቀመጠች። በትዳር ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለችው።

«መኩሪያ፣ ስማኝ። አንተ ታመሃል። እኔም ታምሜአለሁ። ተኝተህ ትንፋሽህ ቆም ሲል፣ ባይመለስ ብዬ አውቃለሁ። ዛሬም ጥዬህ ሄጄ ነበር። ከዚህ በኋላ ብቻዬን አልችልም።»

ዓይኑን ከወለሉ አንሥቶ አያት።

«እኔ ነኝ ያሳመምኩሽ» አለ።

«ማን እንዳሳመመኝ አላውቅም። በሽታው ነው መሰለኝ። እኔ የምልህ አልችልም ነው።»

«እሺ።»

«ሐኪም ዘንድ እንሂድ። ሁለታችንም።»

«እሺ» አለ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ባለን። አላለቀም። ጠዋት ስትቀሰቅሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ አልነሣም አለ። ጥሩወርቅ እንደ ወትሮዋ ቢሆን ብርድ ልብሱን አልብሳው፣ ለጠያቂው «ጉንፋን ነው» ብላ ትቀመጥ ነበር። የዚያን ቀን ግን ስልኳን አንሥታ ወደ አዳማ ደወለች።

«አባባ እንዴት ነው?» አለች የምሥራች።

«አባትሽ አልተሻለውም። እኔም አሞኛል።»

«ምንሽን?»

«ልቤን። ራሴን። እንጃ። ነይልኝ።»

የምሥራች አደራ አላለችም። በማግስቱ መጣች። በሩን የከፈተችላትን እናቷን ስታይ ቆማ ቀረች፤ እንዲህ የከሳችው፣ እንዲህ የጠቆረችው መቼ እንደሆነ አላወቀችም። ለፋሲካ መጥታ ነበር። ያን ጊዜም ዓይኗ የነበረው አባቷ ላይ ነው።

አባቷን ለምና፣ አልቅሳ፣ ደግፋ፣ ከእናቷ ጋር አዳማ ወሰደችው። የአእምሮ ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገራቸው፤ ድባቴ። ሽማግሌ ላይ ሲመጣ ብዙ ጊዜ እርጅና ይመስላል አላቸው። ከዚያ ጋሽ መኩሪያን ከልጁ ጋር አስወጣና ጥሩወርቅን «እርስዎ ይቆዩ» አላት። እርሷም ቆየች፤ ነገረችው። ስትወጣ በእጇ የራሷ መድኃኒት ነበር።

አስናቀች ይህን ስትሰማ እየሮጠች መጣች። «አጥር ብቻ ነው የሚለየን። እንዴት አትነግሪኝም?» አለቻት።

«አልጠየቅሽኝም» አለች ጥሩወርቅ።

ልትወቅሳት አይደለም። የሆነውን ነው የነገረቻት።  አስናቀች ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ጠዋት እየመጣች ከጋሽ መኩሪያ ጋር ትቀመጣለች፤ ጥሩወርቅ ቅዳሴ ትሄዳለች። ልቧ «ይለፍ» ያለውንም ለአባ ኅሩይ ነገረቻቸው። እርሳቸው «ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን?» ብቻ አሏት። ከዚያ ፈቷት፤ ቆረበች።

ጋሽ መኩሪያ ዳነ ወይ ትሉኛላችሁ። ሙሉ በሙሉ አልዳነም። አሁን ይበላል። አንዳንድ ጠዋት ጎመኑ ድረስ ይወጣል። ክረምት ሲገባ ይመለስበትና ሳምንታት ግድግዳ ያያል። ያ ሳቂታ ሾፌር አልመጣም፤ ምናልባትም አይመጣም። ጥሩወርቅ አንዳንዴ ያንን ሰው ታለቅሰዋለች፣ ሰውየው አጠገቧ ተቀምጦ እያለ። እንዲህ ላለ ኀዘን ድንኳን አይተከልም። እድር አይወጣለትም። ለቅሶ የሚደርስ የለም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ጠያቂዎች፣ «ጠንካራ ነሽ» ስንል ምን እያልን ነው? ሸክምሽን አንቺው ቻዪው ማለታችን አይደለም? ምርቃት አስመስለን የምንሸሽበት ቃል አይደለም? ብርቱካኑን ውሰዱ፣ ደግ ነው። ግን አንድ ጠዋት ሄዳችሁ በቦታዋ ተቀመጡ። «ሂጂ፣ ተኚ፣ እኔ አለሁ» በሏት። ሚስቱ እንዲህ የሆነችበት ወንድምም አለ፤ እርሱማ ጭራሽ አይናገርም። የእርሱንም በር አንኳኩ።

ልጆች፣ ስትደውሉ የምትጠይቁት ስለ አንዱ ብቻ ነው? ስልኩን ያነሣችው ማን ናት?

አስታማሚዎች፣ እናንተን ደግሞ በቀስታ ነው የምናገራችሁ። መድከም ኀጢአት አይደለም። መታከት ክህደት አይደለም። የምትወዱትን ሰው አንዳንድ ቀን መጥላታችሁ ፍቅራችሁ አለቀ ማለት አይደለም። ጸልዩ፣ ጠበሉንም ጠጡ፣ ሐኪም ዘንድም ሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በልባችሁ ያለፈውንም አስፈሪ ነገር ብቻችሁን ይዛችሁ አትቀመጡ። ዛሬ፣ ሳይመሽ፣ ለአንድ ሰው ንገሩ።

ጸሎታችንን አድርሰን ስንወጣ፣ ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማንንም ሳትሳለም የምትቸኩል ሴት ታያላችሁ። ቤት የተወችው ሰው ስላለ ነው የምትቸኩለው። አስቁሟት። ስለ እርሱ አትጠይቋት፤ ስለ ራሷ ጠይቋት። «ደህና ነኝ» ትላችኋለች። ያን ጊዜ አትሂዱ። እዚያው ቁሙና መልሱን ጠብቁ።